ጣራን ከክረምት ነፋስ አስቀድሞ ስለ ማሰር

ጣራ የቤት ራስ ነው። ግድግዳ ቢሰነጠቅ ይመረጋል፥ በር ቢሰበር ይጠገናል፥ ወለል ቢጐደጕድ ይደለደላል፤ ጣራ በአንድ ሌሊት የተገለጠ እንደ ሆነ ግን ከሥሩ ያለው ሁሉ፥ ሰውም እህልም የትምህርት ቤት መጽሐፍም፥ በአንድነት ለዝናም ይሰጣል። ይልቁንም ጣራው የጐተራ ወይም የዘር ማስቀመጫ ቤት ጣራ ሲሆን ጕዳቱ የዚያን ሌሊት ብቻ አይደለም። የረጠበ ዘር ይሻግታል፥ ወይም ያለ ጊዜው ይበቅላል፤ በሰኔ የሚዘራውን ያጣ ገበሬም የሚመጣውን መከር ከወዲሁ አጣ ማለት ነው።

ይህ ትምህርት የተጻፈው አገር ለሚያስተዳድሩ ሹማምት፥ ቤት ለሚያሠሩና ለሚያከራዩ ባለቤቶች፥ እንዲሁም በየወረዳው እርሻን ለሚመለከቱ ሠራተኞች ነው። ይኸውም እነርሱ ራሳቸው መዶሻ ይዘው ጣራ ላይ እንዲወጡ ሳይሆን፥ ሠሪውን ምን ብለው እንደሚጠይቁ፥ ሥራውንም በምን እንደሚመረምሩ እንዲያውቁ ነው። የትምህርቱም ዋና ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ ነፋስ ጣራን የሚያፈርሰው ከላይ ተጭኖ ሳይሆን ከሥሩ አንሥቶ ነው፤ ስለዚህ ጣራን የሚያድነው የዕቃው ውድነት ሳይሆን የእስራቱ ጽናት ነው።

፩ ነፋስ ጣራን እንዴት እንደሚያነሣ

ብዙ ሰው ነፋስ ጣራን እንደ በሬ ከፊት ወግቶ የሚጥለው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ነፋስ ወደ ቤት በደረሰ ጊዜ ግድግዳው ይገታዋልና ወደ ላይ ዞሮ በጣራው ላይ ለማለፍ ይቸኵላል። በችኰላ የሚያልፍ አየርም በጣራው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ይቀንሳል፤ በቤቱ ውስጥ ያለው አየር ግን ጸጥ ብሎ እንደ ነበረ ነውና ጣራውን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ማንም ሰው ይህን በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል። የአንድ ቀጭን ወረቀት ጫፍ ከከንፈሩ በታች ይዞ በላዩ ላይ በኃይል እፍ ቢል፥ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የነበረው ወረቀት ቀና ብሎ ይነሣል።

የነፋስ ኃይል የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋራ እኩል አይደለም። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በባሕር ወለል ልክ በሆነ አገር በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ያህል ግፊት አለው፤ 90 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 40 ኪሎ ያህል፥ 180 ኪሎ ሜትር ሲሄድም 160 ኪሎ ያህል ይሆናል። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ይህ ቍጥር ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። አሁን ይህን ከጣራው ክብደት ጋራ ማመዛዘን ነው። ቀጭን ቈርቈሮ በአንድ ካሬ ሜትር 3 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል። እንግዲህ ቈርቈሮ በክብደቱ ብቻ በቤት ላይ ሊቀመጥ እንደማይችል፥ የሚይዘውም ምስማሩና ሽቦው ብቻ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ኃይሉ በጣራው ሁሉ ላይ እኩል አይደለም። ከመካከሉ ይልቅ በክፈፉ፥ በጫፉና በአራቱ ማዕዘን ይበረታል፤ በማዕዘን ላይ የመካከሉን እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ጣራ በነፋስ ሲሄድ አስቀድሞ አንዱ ጥግ ይገለጣል፤ ነፋሱም በተገለጠው በኩል ገብቶ የቀረውን እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይገልጠዋል።

ሌላው ጠንቅ የተከፈተ በር ነው። ነፋስ በሚመጣበት ወገን ያለው በር ወይም መስኮት በኃይል የተከፈተ እንደ ሆነ ነፋሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጣራውን ከሥር ይገፋዋል፤ በላይ የሚያልፈውም ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሁለቱ ኃይሎች ተባበሩ ማለት ነው። ስለዚህ የበርና የመስኮት መቀርቀሪያ እንኳ የጣራ መጠበቂያ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

፪ ዐውሎ ነፋስን ከለመዱ አገሮች የተገኘ ትምህርት

በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሃሪኬን የሚባል ታላቅ ዐውሎ ነፋስ በየዓመቱ ይነሣል። የካሪቢያን ደሴቶችና የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ዘወትር ይጠነቀቁለታል። ዘመኑም ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ቀን ይቈጠራል። ሃሪኬን የሚባለው ነፋሱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ በአምስት ደረጃ ተከፍሎም የመጨረሻው ደረጃ ከ252 ኪሎ ሜትር ይጀምራል። የእነዚህ አገሮች ሰዎች በብዙ ጥፋት የተማሩትን ማወቅ፥ ነፋሱ በሚያንስበት አገር ላለ ሰውም ይጠቅማል።

በአውሮጳ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. ኦገስት 24 ቀን አንድሩ የተባለው ሃሪኬን በፍሎሪዳ ደቡብ ወረደና ከ25,000 የሚበልጡ ቤቶችን ፈጽሞ አጠፋ። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶች ፍርስራሹን ሲመረምሩ ያገኙት ነገር የሚያስተምር ነው። በብዙ ቤት የጣራው ሳንቃ የተመታበት ምስማር ከሥሩ ያለውን እንጨት ስቶ በባዶ አልፎ ነበር፤ በሌላውም ቤት በምስማር ፈንታ ቀጭን የሽቦ መርፌ ተመትቶ ነበር፤ በሁለት ወገን ብቻ የሚያዘቀዝቁ ጣራዎች ደግሞ በዳርና በዳር ያለው ሦስት ማዕዘን ግድግዳቸው ደጋፊ እንጨት ስላልነበረው ተገፍቶ ወድቆ ጣራውን አስከትሎ ሄዶ ነበር። ስለ ቤት ሥራ የወጣ ደንብ በአገሩ አልጠፋም ነበር፤ የጐደለው ደንቡ በሥራ መዋሉን የሚያይ ዓይን ነበር። ከዚህም የተነሣ ፍሎሪዳ ለግዛቱ ሁሉ አንድ የሆነ የጠነከረ የቤት ሥራ ደንብ አወጣችና ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለች።

ዶሚኒካ የምትባለው የካሪቢያን ደሴት ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 18 ቀን ማሪያ በተባለው ሃሪኬን ተመታች። በዚያች ደሴት የብዙው ሕዝብ ቤት በቈርቈሮ የተከደነ ነበርና፥ ከአሥር ጣራ ዘጠኝ ያህሉ ተጐዳ ወይም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ቤት ለሚሠሩ ሁሉ የተሰጠው ምክር ይህ ነው፤ ጣራው በአራት ወገን የሚያዘቀዝቅ ይሁን፤ ክፈፉ እጅግ አይርዘም፤ በቀጥተኛ ምስማር ፈንታ ተጠምዛዥ ብሎን ይግባ፤ እንጨት ከእንጨትም ጋራ በብረት ጠፍር ይያያዝ።

በኢትዮጵያ ደጋ ሃሪኬን አይደርስም፤ እንዲህ ያለው ዐውሎ ከሞቀ ባሕር ኃይሉን ይቀበላልና ወደ የብስ በገባ ጊዜ ይደክማል። ነገር ግን ፈጽሞ የራቀ ነገር ነው ተብሎ አይተውም። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሳጋር የተባለው የባሕር ዐውሎ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ በሶማሌ ጠረፍ ወርዶ ነበር፤ ዝናሙና ጎርፉም ጅቡቲንና የኢትዮጵያን ምሥራቅ ቆላ ጐድቶ ነበር። በደጋው ያለው ጠላት ደግሞ ሌላ ነው። ዝናምና በረዶ የያዘ ደመና በተከማቸ ጊዜ ከእርሱ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ነክቶ ወደ ዙሪያው ይበተናል። ይህ ነፋስ የሚቈየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላልና፥ ያልታሰረ ጣራ ለመንቀል ጥቂቱ ደቂቃ ይበቃዋል። የሚመጣውም ከዝናሙ ፊት ፊት ስለ ሆነ፥ ዝናም ሲጀምር እጠግናለሁ ያለ ሰው ጊዜው አልፎበት ይገኛል።

፫ ስለ አምስቱ ማያያዣዎች

የቤት ጣራ እንደ ሰንሰለት ነው፤ የሰንሰለትም ብርታት በደካማው ቀለበት ይለካል። ቈርቈሮው በማገር ይያዛል፤ ማገሩ ከጫፍ ወደ ግድግዳ በሚወርደው ወራጅ እንጨት ላይ ይያዛል፤ ወራጁ በግድግዳው ራስ ላይ በተጋደመው እንጨት ይያዛል፤ የተጋደመው እንጨት በቋሚው ይያዛል፤ ቋሚውም በመሬት ይያዛል። እነዚህ አምስቱ ማያያዣዎች ናቸው። ከአምስቱ አራቱ ጸንተው አንዱ የላላ እንደ ሆነ ጣራው በላላው በኩል ይሄዳል። ነፋስ ቈርቈሮውን ብቻ ሳይሆን ቈርቈሮውንና ማገሩን፥ አንዳንድ ጊዜም ወራጁን ጭምር አንሥቶ በአንድነት ሜዳ ላይ የሚጥለው ስለዚህ ነው። በዚህን ጊዜ ሰው ሁሉ የቈርቈሮውን መሳሳት ይወቅሳል፤ ቈርቈሮው ግን ከማገሩ ጋራ ተያይዞ ወድቆ ሲታይ በደሉ የእርሱ እንዳልሆነ ራሱ ይመሰክራል።

ከሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለው ሦስተኛው ማያያዣ ነው። ሠሪው ወራጁን በግድግዳው ራስ ላይ አሳርፎ አንድ ረጅም ምስማር ከላይ ወደ ታች ይመታና ያልፋል። ይህ ምስማር ወራጁ ወደ ጐን እንዳይንሸራተት ይከለክላል፤ ወደ ላይ በተሳበ ጊዜ ግን በገባበት መንገድ ይወጣል። ይልቁንም እርጥብ ባሕር ዛፍ የተሠራበት ቤት እንደ ሆነ፥ እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ ይኰማተራልና ምስማሩ በቀዳዳው ውስጥ ይላላል። በመጀመሪያው ዓመት የጸና የመሰለ ጣራ በሦስተኛው ዓመት የሚነቀለው ከዚህ የተነሣ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዝገት የማይበላው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሽቦ በወራጁ ላይና በተጋደመው እንጨት ሥር ሁለት ጊዜ ይዙር፤ ጫፍና ጫፉም በጕጠት ተጠምዞ ይጥበቅ። ገንዘብ ያለው በሽቦው ፈንታ ቀዳዳ ያለው የብረት ጠፍር በሁለቱ እንጨቶች ጐን አጋድሞ በብዙ ትንንሽ ምስማር ይምታው። ምስማሩ ከጐን የገባ ስለ ሆነ ነፋስ ወደ ላይ ሲስበው ሊወጣ አይችልም። እንዲሁም ማገርን ከወራጅ፥ የተጋደመውን እንጨት ከቋሚው በሽቦ ማሰር ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ አንዱ ሽቦ ብቻውን ቀጭን ነው፤ በየወራጁ ላይ የታሰረ እንደ ሆነ ግን ጣራውን ሁሉ ከግድግዳው ጋራ አንድ አካል ያደርገዋል።

ቋሚው ከ60 ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ጥልቀት ይቀበር፤ ከመቀበሩም በፊት በሥሩ አጭር እንጨት አግድም ይመታበት። አፈርና ድንጋይ ተጨምሮ በተደለደለ ጊዜ ይህ አግዳሚ እንጨት ቋሚው እንዳይነቀል ይይዘዋል። ምስጥ በሚበዛበት አገር፥ ለምሳሌ በወለጋ ምዕራብ፥ በመሬት ውስጥ የተቀበረውን ክፍል በየዓመቱ ቈፍሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ምስጥ ከውስጥ የበላው ቋሚ በላይ ሲታይ ጤነኛ ይመስላልና።

፬ ስለ ቈርቈሮ ጣራ

ጣራው የሚያዘቀዝቅበት ልክ መጠነኛ ይሁን። እጅግ የተኛ ጣራ በነፋስ ይበልጥ ይሳባል፥ ውኃም ያሳልፋል። በአግድም አንድ ሜትር ሲሄድ ከ40 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚል ጣራ መልካም ነው። በሁለት ወገን ከሚያዘቀዝቀው ይልቅ በአራት ወገን የሚያዘቀዝቀው ይጸናል፤ ነፋስ በማናቸውም በኩል ቢመጣ የሚገፋው ቀጥ ያለ ገጽ በጣራው ላይ አያገኝምና። በሁለት ወገን የሚያዘቀዝቅ ጣራ አስቀድሞ የተሠራ እንደ ሆነ፥ በዳርና በዳር ያለው ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ከውስጥ በአግድምና በሰያፍ እንጨት ይደገፍ።

ቈርቈሮ ሲከደን ሥራው ከዝናሙ ነፋስ ተቃራኒ ከሆነው ጥግ ይጀመር፤ እንዲህ ሲሆን የአንዱ ቈርቈሮ ከንፈር በሌላው ላይ ሲደረብ ነፋስ ገብቶ አይገልጠውም። በጐንና በጐን አንድ ሞገድ ተኩል፥ በራስና በግርጌ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደረብ። ምስማሩ ሰፊ ራስና የጎማ ቀለበት ያለው የቈርቈሮ ምስማር ይሁን፤ የሚመታውም በሞገዱ ጕብታ ላይ ነው እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጐድጓዳ ውስጥ አይደለም። ምስማሩ በማገሩ ላይ ማረፉን ለማወቅ ከመመታቱ በፊት በክር መስመር ይያዝ፤ ማገሩን ስቶ ያለፈ ምስማር ቀዳዳ ብቻ ትቶ ይሄዳልና፥ በፍሎሪዳ የሆነውን ጥፋት በትንሹ መድገም ነው።

በጣራው መካከል ማገሮቹ በ90 ሳንቲ ሜትር ልክ ቢራራቁ ይበቃል፤ በክፈፉና በጫፉ አጠገብ ግን ከዚያ እኩሌታ ያህል ይቀራረቡ። ምስማሩም በመካከል በየሦስተኛው ሞገድ፥ በክፈፍ፥ በጫፍና በዳር ግን በየሁለተኛው ሞገድ ይመታ፤ ቤቱ በኰረብታ ራስ ወይም በሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ እንደ ሆነ በዳሩ በየሞገዱ ቢመታ አይበዛም። ኃይሉ የሚበረታው በዳር መሆኑን ከላይ የተነገረውን ያስታውሷል።

ስለ ክፈፍ ርዝመት አንድ ችግር አለ። ዐውሎ ነፋስ የሚበዛባቸው አገሮች ክፈፍ ከ45 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራሉ፤ ረጅም ክፈፍ ለነፋስ እጀታ ነውና። በኢትዮጵያ ግን የብዙው ሰው ግድግዳ ጭቃ ስለ ሆነ ክፈፉ ካጠረ ዝናሙ ግድግዳውን ያጥበዋል። ስለዚህ በጭቃ ቤት ክፈፉን ማሳጠር ሳይሆን ማሰር ይሻላል፤ ከግድግዳው ወደ ክፈፉ ጫፍ በሰያፍ የቆመ ደጋፊ እንጨት በየወራጁ ሥር ይደረግ፥ በሁለቱም ጫፉ በሽቦ ይታሰር። በረንዳ የሚሠራ ሰው ደግሞ የበረንዳውን ጣራ ከቤቱ ጣራ ጋራ አንድ አያድርገው፤ ለየብቻ የሆኑ እንደ ሆነ ነፋስ በረንዳውን ቢወስድ ቤቱ ይቀራል።

በቈርቈሮ ላይ ድንጋይ መጫን የብዙ ሰው ልማድ ነው። ይህ ልማድ ቢቀር መልካም ነው። ድንጋዩ ያረፈበት ቦታ ብቻ ይያዛል፥ ሥሩም እርጥበት እየያዘ ይዝጋል፤ ነፋሱ በበረታ ጊዜም ድንጋዩ ራሱ ወርዶ ሰው ይጐዳል። የላላ ቈርቈሮ የሚጸናው በምስማርና በሽቦ ነው።

ውኃው የሚወርድበትንም ማሰብ ይገባል። 60 ካሬ ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ከሰዓት በኋላ ቢዘንብ 1,800 ሊትር ውኃ ነው። አሸንዳ ካለው በርሜል ይሞላል፤ አሸንዳ ከሌለው ውኃው በግድግዳው ሥር እየወረደ የቋሚውን አፈር ያላላል። አምስተኛው ማያያዣ የሚፈታው በዚህ መንገድ ነውና፥ በቤቱ ዙሪያ ትንሽ ቦይ መቈፈር የጣራ ሥራ ክፍል ነው።

፭ ስለ ሣር ክዳን

የሣር ክዳን ድኻ የሚከድነው ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። ክብ ጐጆና ሾጣጣ ጣራ በአራት ወገን ከሚያዘቀዝቀው ጣራ ጋራ አንድ ምክንያት አለው፤ ነፋስ የሚገፋው ቀጥ ያለ ገጽ ስለማያገኝ በዙሪያው ተከፍሎ ያልፋል። የካሪቢያን ሰዎች ከብዙ ጥፋት በኋላ የመረጡትን ቅርጽ የኢትዮጵያ ገበሬ ከአባቶቹ ወርሶታል። ቈርቈሮ ሲመጣ ባለ ማዕዘን ቤት መጣ፤ አዲሱ ዕቃ ግን የሚሻው እስራት ከአሮጌው የተለየ መሆኑን ያስተዋለው ጥቂት ነው።

ለክዳን የሚሆነው ሣር በቆላና በወይና ደጋ ሰንበሌጥ፥ በከፍተኛ ደጋ ጓሳ ነው። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሜዳ በአባቶች ሥርዓት ሲጠብቅ የኖረበት አንዱ ምክንያት የቤት ክዳን ከዚያ ስለሚገኝ ነው። ሣሩ የሚታጨደው ዝናም ካቆመ በኋላ በስሎ ሲደርቅ ነው፤ እርጥብ ሣር የተከደነበት ቤት ይሻግታል። ጣራው የሚያዘቀዝቅበት ልክ ከ45 ዲግሪ አይነስ፤ ይህም በአግድም አንድ ሜትር ሲሄድ አንድ ሜትር ከፍ ማለት ነው። ክዳኑ ከክፈፍ ተጀምሮ ወደ ጫፍ ይሄዳል፤ እያንዳንዱም ረድፍ በማገሩ ላይ በልጥ ወይም በገመድ ይታሰራል። በሚነፍስበት ወገን ከላይ በኩል ቀጭን አርጩሜ አግድም አጋድሞ ከውስጡ ማገር ጋራ መስፋት ሣሩ ተመዝምዞ እንዳይሄድ ይከለክላል። ጫፉ ላይ የሚቀመጠው የጉልላት ሸክላ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ውኃና ነፋስ የሚገባበትን አንድ ቀዳዳ ይደፍናልና፥ የተሰነጠቀ ጉልላት ሳይውል ሳያድር ይለወጥ።

፮ ስለ ጐተራ

ሰው የሚተኛበትን ቤት ጣራ የሚያስር ገበሬ እንኳ የጐተራውን ክዳን ሳያስር ያስቀምጠዋል፤ ለመክፈት እንዲመቸው ነው። ነገር ግን ክዳኑ እንደ ባርኔጣ ብቻ ከተቀመጠ ነፋስ እንደ ባርኔጣ ይወስደዋል። ክዳኑ በአራት ቦታ በገመድ ከጐተራው እግር ጋራ ይታሰር፤ የገመዱ ቋጠሮም በአንድ እጅ የሚፈታ ይሁን። የጐተራው እግሮች በድንጋይ ላይ ብቻ የቆሙ እንደ ሆነ፥ ጐተራው ባዶ ሲሆን ሁሉ ተገልብጦ ይወድቃልና በካስማ ይያዙ።

እህል በደኅና የሚቀመጠው ከ100 እጅ 13 እጅ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ እርጥበት ሲኖረው ነው። ጣራው አፍስሶ የረጠበ እህል ቢደርቅም ሻጋታው የሚተወው መርዝ በመፍላት እንኳ በሙሉ አይጠፋም፤ ይልቁንም በበቆሎና በለውዝ ላይ ይበረታል። ስለዚህ ለዘር የተለየው እህል ከምግቡ ተለይቶ፥ ጣራው ከሁሉ በጸናው ቤት ውስጥ፥ ከግድግዳና ከወለል ራቅ ብሎ በቆጥ ላይ ይቀመጥ። እንዲህ ከሆነ አንዱ ጣራ ቢሄድ እንኳ ምግብና ዘር በአንድ ቀን አይጠፉም።

፯ ሥራው በየወሩ

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ነው፤ ብርቱው ነፋስ ግን ዘመኑን አይጠብቅም፥ በሚያዝያና በግንቦት ከመጀመሪያዎቹ የበረዶ ደመናዎች ጋራ ይመጣል። ስለዚህ ሥራው እንዲህ ይከፈል።

በኅዳርና በታኅሣሥ የክዳን ሣር ይታጨድ፥ እንጨትም ተቈርጦ ልጡ ተልጦ በጥላ ይድረቅ።
በየካቲትና በመጋቢት አምስቱ ማያያዣዎች ይመርመሩ፤ የላላው ይጥበቅ፥ የዛገው ይለወጥ፥ በቤቱ አጠገብ ያለው የደረቀ የዛፍ ቅርንጫፍ ይቈረጥ።
በሚያዝያ መጀመሪያ ሥራው ሁሉ ያለቀ ይሁን፤ ሜዳ ላይ የተተወ የቈርቈሮ ቍራጭና ሳንቃም ይሰብሰብ፤ ነፋስ ያነሣው ቈርቈሮ እንደ ሰይፍ ነው።
በሰኔ ቦዩ ይጠረግ፥ የጐተራው ገመድ ይታይ።
በጥቅምት ክረምቱ ያደረሰው ጕዳት ተመርምሮ ለሚመጣው ዓመት ይጻፍ።

ነፋሱ በመጣ ጊዜ ደግሞ የሚሠራ ነገር ጥቂት ነው። በርና መስኮቱ ሁሉ ይዘጋ፤ ማንም ሰው ቈርቈሮ እይዛለሁ ብሎ ጣራ ላይ አይውጣ፤ ልጆች ከመስኮትና ከክፈፍ ሥር ይራቁ። ቈርቈሮ ይተካል፥ ሰው ግን አይተካም።

፰ ስለ ሹማምት ተግባር

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ለእያንዳንዱ ባለቤት ነው፤ ለሹም ግን የተለየ ተግባር አለው። በእጁ የተሰጡት ጣራዎች የራሱ አይደሉምና። የትምህርት ቤት፥ የጤና ጣቢያ፥ የዘርና የማዳበሪያ ማስቀመጫ፥ እነዚህ ጣራዎች ሲሄዱ የሚጐዳው ቀበሌው ሁሉ ነው። ስለዚህ በየወረዳው አንድ መዝገብ ይኑር፤ በመዝገቡም የቤቱ ስም፥ የተመረመረበት ቀን፥ አምስቱ ማያያዣዎች አንድ በአንድ፥ የተገኘው ጕድለትና የተጠገነበት ቀን ይጻፍ። መርማሪው ከታች ሆኖ ቀና ብሎ በማየት አይመስክር፤ መሰላል ላይ ወጥቶ ወራጁን በእጁ ይወዝውዝ፥ ሽቦውን ይዳስስ። ወራጁ ቢነቃነቅ ወይም እንጨቱ ቢሰማ እንጂ ቈርቈሮው ቢያብለጨልጭ የጣራ ጤንነት አይታወቅም።

አዲስ ቤት ሲሠራ ደግሞ የሥራው ዋጋ የመጨረሻ ክፍል ለሠሪው የሚከፈለው እስራቱ ከታየ በኋላ ይሁን። ኮርኒስ የተመታ እንደ ሆነ ሽቦው ይኑር አይኑር ማንም ሊያየው አይችልምና፥ መርማሪው ኮርኒስ ሳይመታ አስቀድሞ ይምጣ። ቤት የሚያከራይ ባለቤትም ይህን በራሱ ቤት ያድርግ፤ ጣራው በሄደ ጊዜ የሚጐዳው ተከራዩ ብቻ አይደለም፥ ኪራዩም ከጣራው ጋራ ይሄዳል።

በየቀበሌው ጣራ ላይ መውጣት የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ ሽማግሌዎች፥ ባል የሞተባቸው ሴቶች፥ ሕመምተኞች። ለእህል አጨዳ የሚወጣው ደቦ ለጣራ እስራትም ሊወጣ ይችላል። የሚያስፈልገው ጥቂት ኪሎ ምስማር፥ አንድ ጥቅል ሽቦ፥ ጕጠትና መሰላል ነው፤ ይህም ወጪ ከጠቅላላ ጣራ ዋጋ ጋራ ሲመዛዘን ኢምንት ነው። ሹም የእነዚህን ሰዎች ቤት አስቀድሞ ያስቈጥር፥ ለደቦውም ቀን ይቍረጥ።

አዲስ ቤት ሲመረቅ ሕዝብ ይሰበሰባል፥ የሹሙም ስም ይመሰገናል። በመጋቢት የታሰረ ሽቦ ግን ምርቃት የለውም፤ በነፋሱ ማግሥት ጣራው በቦታው ሲገኝም ያዳነው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አይኖርም። እንዲህም ቢሆን የታሰረው ጣራ በቦታው ይኖራል፤ በሥሩ ያለው ዘርም ደርቆ ይቈያል፤ በሰኔም ገበሬው ዘሩን ይዞ ወደ እርሻው ይወጣል። መልካም አስተዳደር የሚታወቀው በእንዲህ ያለው ነገር ነው።